ዘጠኝ ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ኅዳር ላይ ጅማ ሥራ ይበዛል። ከአጋሮ በኩል የሚገቡት አይሱዙዎች ጀንፈል ቡና ጭነው ይመጡና መፈልፈያዎቹ በር ላይ ይሰለፋሉ። ፈረንጅ አራዳ ባለችው ትንሽ ቢሮአችን ለዚያ ሰልፍ የሚሆን ዊጀት ሠርተን ነበር። ዊጀት ስል ሌላ ሰው ድረ ገጽ ውስጥ የምትገባ ትንሽ መስኮት ማለቴ ነው። መፈልፈያው የራሱ ገጽ አለው፤ የእኛዋ መስኮት እዚያ ውስጥ ትቀመጣለች። ነጋዴው ስልክ ቁጥሩን ያስገባል፣ ተራው በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሆነ ያያል።

ሴቲንጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቋንቋ ይመረጣል፦ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ። ሰዓትም ይመረጣል፦ የኢትዮጵያ ወይም የውጭ። የተመረጠውን ሎካል ስቶሬጅ ላይ፣ ማለትም ስልኩ ብሮውዘር ውስጥ ባለች ትንሽ ጓዳ፣ አስቀምጠዋለሁ።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት ነጋዴ ቢሮ መጡ። የውጭ አቆጣጠሩ ግራ አጋብቷቸዋል። ስልካቸውን ተቀብዬ የእኛን ገጽ ከፈትኩና «የኢትዮጵያ ሰዓት» የሚለውን ነካሁላቸው። ዘግቼ መልሼ ከፈትኩት። ምርጫው አልጠፋም። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ የሚያዩት የእኛው ሰዓት ነው» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «ልጄ፣ ተራህ አልፏል እያሉኝ ነው።»

በባጃጅ ደረስኩ። መኪናው ከነጭነቱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጫኝና አውራጆቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ስልካቸውን ዘረጉልኝ። መሀል ላይ በትልቁ 9:00 ይላል። እሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ብለው አንብበው፣ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደርሰዋል። ተራቸው ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። «ሰዓቱን ያስተካከልሽልኝ አንቺው አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው እዚያው አደረ። የሹፌሩን የሁለተኛ ቀን ሒሳብ ከፈሉ፣ ለአውራጆቹም እንደገና። አለቃዬን ለምኜ ወጪውን ቢሮው ተካላቸው። እውነቱን ለመናገር ግን የባከነው ቀናቸው አይተካም።

ያን ማታ ኮዱን ስከፍት ችግሩ የት እንዳለ ለማየት ብዙ አልፈጀብኝም። ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም መረጃው በሚቀመጥበት የእኛ ኮምፒውተር፣ ሰዓቱ ልክ ነው። በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ 6:00 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሦስት ሲደመርበት በውጭ አቆጣጠር 9:00፣ ከዚያ ላይ ስድስት ሲቀነስ የእኛ 3:00። የጠፋው ምርጫቸው ነው። እኔ ምርጫውን ያስቀመጥኩት የእኛን ገጽ በቀጥታ ከፍቼ ነው። እሳቸው ዊጀቷን የሚያዩት በመፈልፈያው ገጽ በኩል ነው። ያቺው ኮድ ናት፣ ያው አድራሻ ነው፤ ለክሮም ግን ሁለት የተለያዩ ጓዳዎች ናቸው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሮም በሌላ ገጽ ውስጥ የገባን መስኮት ማስቀመጫ በአስተናጋጁ ገጽ ይከፋፍለዋል። ሳፋሪ በ2020 የሦስተኛ ወገን ኩኪን፣ ማለትም እንደ እኛዋ ሌላ ገጽ ውስጥ የገባች መስኮት ብሮውዘሩ ላይ የምትተዋትን ትንሽ ማስታወሻ፣ ጭራሽ ዘግቷል፤ ፋየርፎክስም በ2022 ኩኪዎችን በየገጹ መለየትን ለሁሉም መደበኛ አድርጎታል። ማስታወቂያ ነጋዴዎች ሰውን ከገጽ ገጽ እንዳይከታተሉት ነው። ትክክል አድርገዋል ብዬ አምናለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ምርጫው ካልተገኘ ዝም ብሎ ወደ ውጭ ሰዓት እንዲመለስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት መስመር ናት። ማስጠንቀቂያ የላት፣ ምልክት የላት። ምርጫ ባይኖር ኖሮ ጋሼ እንደ ልማዳቸው «ይሄ የማን ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ሴቲንጉ ተስተካክሏል ስላልኳቸው መጠየቁን ተዉት። ይሄ ነው እስከ አሁን የሚከነክነኝ።

ብሮውዘሩን ፈቃድ ጠይቆ የጋራ ጓዳ የማስከፈት መንገድ አለ። አልፈለግኩትም። መፈልፈያ በር ላይ የቆመ ሰው ስለ ማስቀመጫ ፈቃድ ጥያቄ ሊመጣበት አይገባም። ነጋዴው ለማንኛውም ስልክ ቁጥሩን ያስገባል፤ ምርጫውን ከቁጥሩ ጋር ሰርቨር ላይ አደረግነው። ገና ላልመረጠ ሰው ደግሞ መፈልፈያው ዊጀቷን ሲጠራ አድራሻው ላይ «የኢትዮጵያ ሰዓት» የሚል መለያ እንዲጨምር አደረግን። የደንበኞቹን ልማድ ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ከሁሉም የረዳን ግን የጽሑፍ ለውጥ ነው። ባዶ ቁጥር ብቻውን እንዳይታይ ከለከልኩ። አሁን በትልቁ «ከጠዋቱ 3:00» ይላል፤ ከሥሩ በትንሹ «በውጭ 9:00»። ሴቲንጉ ቢጠፋ እንኳ «ከጠዋቱ» የምትለው ቃል አብራ አትጠፋም።

ሙከራውንም ቀየርኩ። የእኛን ገጽ ከፍቼ መሞከር ተውኩ። አንድ ያገለገለ ቴክኖ ስልክ ገዛን፣ ሁሌም በመፈልፈያው ገጽ በኩል እገባለሁ።

ጋሼ በሳምንቱ ሌላ ጭነት ነበራቸው፤ ተራቸው ከጠዋቱ 2:00። እኔ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ጉም ነው፣ ብርድ ነው። ሁለት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አይሱዙው ታጠፈ። ጋሼ ከጋቢና ወርደው ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና ለእኔ ሳይሆን ለበረኛው አሳዩት። በረኛው ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ በሩን ከፈተ።