ክርስትና ያነሱ ወንበዴዎች

እኛ አገር የሰው ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ለልጁ ወላጆች አበልጅ ነው፤ አበልጅ ደግሞ ከሥጋ ዘመድ አያንስም። ይህን ማንሳቴ ባለፈው የገና ሰሞን ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ቤት፣ በፒተር ካይን ልብ ወለድ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ሦስት የካውቦይ ፊልሞችን ለእሳቸው እየተረጎምኩ ስላየሁ ነው። በሦስቱም ባንክ የዘረፉ ሰዎች በረሃ ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ ያለች እናት ያገኛሉ፤ እሷም ከመሞቷ በፊት ሕፃኑን ክርስትና እንዲያነሱላት አደራ ትላቸዋለች።

የመጀመሪያው፣ ዊልያም ዋይለር እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው «ሄልስ ሂሮዝ»፣ ዩኒቨርሳል ከስቱዲዮ ውጭ ያነሳው የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ድምፅ ያለው ፊልም ነው። በዚያ ዘመን ካሜራው ጩኸቱ እንዳይቀዳ በታፈነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ቢሆንም ዋይለር ሞቃቱን በረሃ አልሸሸም፣ ድምፅ አገኘሁ ብሎም ወሬ አላበዛም። በተለይ ካሜራው የአንዱን ወንበዴ ዱካ በአሸዋው ላይ እየተከተለ፣ ደክሞት የጣለውን ዕቃ እያሳየ የሚሄድበት ቦታ አንድም ቃል ሳይነገር ጥሙን ያስረዳል።

በዚህ ፊልም የሕፃኑ አባት እነሱ ራሳቸው የገደሉት የባንክ ገንዘብ ያዥ ነው። ይህን ስተረጉምላቸው አያቴ መቁጠሪያቸውን ያዝ አድርገው «የገደሉትን ሰው አበልጅ ሆኑ በለኛ!» አሉ፤ ለእኔም የፊልሙ ነገር በዚህች ቃል ተፈታልኝ። ቻርልስ ቢክፎርድ የሚጫወተው የመጨረሻው ሰው ውሃው የተመረዘ መሆኑን እያወቀ፣ መርዙ እስኪሠራ ድረስ ልጁን ከተማ የሚያደርስበት አቅም ለማግኘት ብሎ ይጠጣል፤ የገና መዝሙር በሚዘመርበት ቤተ ክርስቲያን ገብቶም ወድቆ ይሞታል።

የሪቻርድ ቦሌስላቭስኪ የ1936 ፊልም የመርዙን ውሃ አልተወም፤ ይሁንና እንደ ፊተኛው አልያዘኝም።

ጆን ፎርድ በ1948 በቀለም የሠራው እጅግ ያማረ ነው፤ ፎርድ በዚሁ ታሪክ ቀደም ብሎ ለተጫወተው ለሟቹ ሃሪ ኬሪ መታሰቢያ አድርጎታል፣ የኬሪ ልጅም ከሦስቱ ወንበዴዎች አንዱ ሆኖ ይተውናል። እዚህ ግን መርዝ የለም። ጆን ዌይን ሊወድቅ ሲል አህያ ከነውርንጭላዋ ትደርስለታለች፣ እሱም ተርፎ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ይፈረድበታል። አህያይቱን ሲያዩ አያቴ ሆሣዕናን አስበው ደስ አላቸው፤ ጥቂት ቆይተው ግን «የልጁ አባትስ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሰውየው የውሃውን ጉድጓድ በድማሚት ካበላሸ በኋላ በረሃ ውስጥ ጠፍቶ መቅረቱን ነገርኳቸው።

«እንግዲያ የእነዚህ ዕዳ ምንድን ነው?» ብለው መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።