ከምርቃና እስከ ጨብሲ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ሻይ ላይ የሪቻርድ ፕራየር ወሬ ተነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ኮኬይን ሲያጨስ ሰንብቶ ራሱን በእሳት ያቃጠለው፣ ኋላም ያንኑ መድረክ ላይ አውጥቶ ሰው ያሳቀበት ኮሜዲያን። «ቆራጥ ሰው በአንድ ቀን በቃኝ ይላል» ተባለ። ለጫት ይሁን። ለአረቄ ግን አደገኛ ምክር ነው።

ጫቱ ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ እንቅልፍ ያባርራል (ቅጠሉ ሲቆይ ስለሚዳከም ነው ትኩሱ የሚፈለገው)። ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጡ፣ ይመጣል፤ ሱሱ ሁለት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ጫቱን ሲተዉት ድብርት፣ ድካምና ቅዠት አለው፤ ያልፋል።

በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ካቆመ ግን ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት። «ለክፎት ነው» ተብሎ ሐኪም ሳያየው የሚቀረው ያኔ ነው፤ ይሄ ደግሞ ይገድላል።

ሐኪም ቤት እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ ይሰጣል። ጉሉኮስ ከመሰካቱ በፊት ወይም አብሮ ቫይታሚን ቢ1 መሰጠቱን ጠይቁ፤ ከተዘለለ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ በፊት ሲያቆም የተንፈራገጠ ሰው ደግሞ ቤቱ አይሞክረው።