እስከ ቀለበታቸው ድረስ ገባ

አይጥ ሶስተኛዋን ጫጩት ስትበላብኝ ተናድጄ ቀጥታ ከደሴ ገበያ የአይጥ መርዝ ገዝቼ መጣሁ። በር ላይ ጎረቤታችን እማማ ፌስታሉን አይተው «አንተ ልጅ፣ ድመቴን ልትፈጃት ነው? መርዝ የበላችውን አይጥ ይዛ ብትበላትስ? ዶሮዎችህስ ቢለቅሙት?»

ቆጡ ሽቦ እኮ አለው እማማ፣ አይጧ በየት እንደምትገባ ነው ያልገባኝ ስላቸው ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ሽቦው ውስጥ ከተቱት፣ እስከ ብር ቀለበታቸው ድረስ ገባ፣ ዝም ብለው አዩኝ። ወላሂ አፈርኩ። ያ ሽቦ ለካ ዶሮ እንዳትወጣ እንጂ አይጥ እንዳትገባ አይደለም የተሰራው፣ ለአይጥ የአውራ ጣት ታህል ቀዳዳ ሰፊ በር ናት።

ከዛ ደግሞ ማታ የምተወውን ፉርሽካ አዩና «እራቷን አቅርበህ ነው የምትጣላት?» ብለው ሳቁብኝ። (ስንቱን በእጃችን እየቀለብን ነው ግን የምናማርረው?)

በቃ መርዙን መለስኩ፣ መኖው ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ገባ፣ የቆጡን ዙሪያ ጥቅጥቅ ያለ ጠንካራ ሽቦ መታሁና ታቹን 30 ሳንቲሜትር ያህል ቀበርኩት፣ ወገቤ ግን አለቀ 😂

አሁን ከጦሳ ተራራ ብርዱ እየወረደ ነው፣ ቆጡ ጋ ፀጥ ብሏል። አብሽሩ ብያቸው ነበር፣ እማማ ግን ድመታቸውን ቤት አስገብተው ነው የተኙት፣ መርዙን መመለሴን አላመኑኝም መሰለኝ።