ሪችመንድ ላይ የሰማሁት ጭብጨባ
የጓደኛዬ ልጅ በሃይስኩል ሩጫ የቨርጂኒያ ሻምፒዮን ሆና የስቴቱ ምክር ቤት ሊያመሰግናት ስለጠራት ዛሬ ሪችመንድ ካፒቶል፣ ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ሕንፃ፣ አብሬያቸው ሄድኩ። ተወካያቸው ስሟን ጠርቶ ላይኛው የእንግዶች ጋለሪ ላይ ተነሺ ሲላት ብቻዬን አልነሳም ብላ አባቷን በጃኬቱ እጅጌ ጎትታ አስነሳችው፣ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የመጣ ሰው እኮ ነው፣ ከታች ያ ሁሉ ተወካይ ዞሮ ወደ ላይ እያየ ሲያጨበጭብ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፣ እሷ ግን እጅጌውን አልለቀቀችም። ከዛ ወዲያው ወደ ሕጋቸው ተመለሱ።

የምክር ቤቱ የምስጋና ወረቀት ብር የለው፣ ሕግ አይደል። ግን እ.ኤ.አ. ከ1619 ጀምሮ ሕግ ሲያወጣ በኖረ ምክር ቤት መዝገብ ላይ የስደተኛ ልጅ ስም ገባ፣ ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ቦሌ ላይ በአበባ የምንቀበለው የኦሎምፒክ ጀግኖችን ነው። የክልል ምክር ቤቶቻችንም ለትምህርት ቤት ሯጮች እንዲህ ትንሽ ደቂቃ ቢሰጧቸው፣ ከነወላጆቻቸው ጠርተው።