ሰው የራቀው ሰርቨር

ዛሬ ማታ በምጫወተው የኦንላይን ጌም ላይ ለአንድ ዳንጀን (በቡድን ገብተን ጠላት የምንዋጋበት ቦታ) ቡድን ስፈልግ አመሸሁ። አምስት ሰው ይበቃል፦ ዱላውን የሚቀበል ታንክ፣ የሚያክም ሂለር፣ ሦስት መቺ። መቺ ሞልቷል። ሂለር ግን የለም። ሰርቨሩ፣ ማለትም አብረን የምንጫወትበት የጌሙ ዓለም፣ ጭር ብሏል።

የሚያስፈራው ነገሩ ራሱን እያባባሰ መሄዱ ነው። ቡድን ያጣ ተጫዋች ሰው ወዳለበት ሰርቨር ይዛወራል። እሱ ሲሄድ የቀሩት ይበልጥ ይቸገራሉ። ገበያውም ይደርቃል፤ ዕቃ ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም።

መፍትሔ አለው። ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው የኦንላይን ጌም እ.ኤ.አ. በ2009 ከተለያዩ ሰርቨሮች ሰው ሰብስቦ ቡድን የሚሠራ መሣሪያ አመጣ። በ2013 ደግሞ ሰው ያነሰባቸውን ሰርቨሮች እርስ በርስ ማገናኘት ጀመረ።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መሣሪያው ፈጣን ነው፣ እውነት ነው። ግን ቦሱ (የዳንጀኑ ዋና ጠላት) ሲወድቅ ሁሉም ቻው ሳይል ይበተናል፤ ዳግም አትገናኙም። የተገናኘ ሰርቨር ላይ ግን ነገም ያንኑ ሰው ታገኘዋለህ። ጎበዝ ሂለር ስሙ ይታወቃል። ዕቃ ነጥቆ የሚሮጠውም እንደዚያው። ጓደኝነት የሚጀመረው እዚያ ነው፤ የኔዎቹም እንዲያ ነው የመጡት።

የኛን ሰርቨርም ቶሎ ቢያገናኙልን በጣም ደስ ይለኛል። እስከዚያው ሂለር የሆናችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ታንክ አግኝቻለሁ።