ዋጋው ያለው ጋሼ ጋ ነው

ዛሬ ቱሉ ዲምቱ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የበር ማጠፊያ ልገዛ ገባሁ። ሻጩ ልጅ ሁለቱን ዓይነት በእጁ መዘን መዘን አድርጎ፣ «ይኼኛው ክረምቱን አይችልም፤ ይዝጋል» ብሎ መከረኝ። ዋጋ ስጠይቀው ግን ዝም። «ጋሼ ለቅሶ ሄደዋል፤ ልደውልላቸው።» አያነሡም። በቴሌብር ልክፈል ብል የማረጋገጫ መልእክቱም የሚገባው ጋሼ ስልክ ላይ ነው። የመሳቢያው ቁልፍስ? እርሱም ጋሼ ኪስ ውስጥ!

እምነት ስለሌላቸው ነው እንዳልል፣ መደብሩን በሙሉ ለልጁ ጥለውለት ሄደዋል። የየዕቃው ዋጋና የመጨረሻው ቅናሽ በአንድ ደብተር ቢጻፍለት፣ መክፈያውም በሱቁ ስልክ ቢሆን፣ ጋሼ ድንኳኑ ውስጥ ተረጋግተው በተቀመጡ። ልጁ ሙያውን ያውቃል፤ የጎደለው «እሺ፣ ውሰድ» የማለት ሥልጣን ነው።

ማጠፊያውን ከማዶው ሱቅ ገዛሁ። የልጁን ምክር ግን ተከትዬ የማይዝገውን መረጥኩ።