የአንድ ምሽት ሁለት ቀኖች

በምሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ ከጠዋቱ ዜና ቀጥሎ የሚተላለፍ «ዛሬ በሙዚቃ ታሪክ» የተሰኘ አጭር መሰናዶ አለ። ጽሑፉን የሚያዘጋጁት ባልደረቦቼ ሲሆኑ፣ ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት አንብቤ የማሳልፈው እኔ ነኝ። ለሜይ 16 የተዘጋጀው ጽሑፍ በዋዜማው ደረሰኝ (ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «በ1983 በዛሬዋ ዕለት ማይክል ጃክሰን ሙንዎክ የተባለውን ወደ ኋላ የሚያንሸራትት ዳንስ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ አሳየ።»

ጽሑፉን ጮክ ብዬ ሳነብ የሰሙት የማኅደር ክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «ልጄ፣ ይህን እኮ ማርች ላይ አስተላልፈነዋል» አሏት አዘጋጇን። መዝገቡን ገልጠውም አሳዩን፤ በእርግጥም ያው ታሪክ በማርች 25 ሥር ተጽፏል። እሷም በአክብሮት ግን ሳታፈገፍግ፣ «ጋሼ፣ እኔ ያገኘሁት ሁሉ ሜይ 16 ነው የሚለው» ስትል መለሰች። ሰዓቱ እየገፋ ስለነበር አንድ ባልደረባችን ጽሑፉን ትተን በሌላ እንድንተካው ሐሳብ አቀረበ። እኔ አልተስማማሁም፤ ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች ሁለት የተለያዩ ቀኖችን ይዘው ሲመጡ አንዳቸው ተሳስተዋል ብሎ ከመደምደም በፊት ቀኑ የየትኛው ድርጊት ቀን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠይቀን ስንመለከተው ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሞታውን የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት ያከበረበት ዝግጅት ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና በሚገኝ አዳራሽ በተመልካች ፊት የተቀረጸው ማርች 25 ቀን 1983 ነው። በኤንቢሲ ቴሌቪዥን የተላለፈው ግን ሜይ 16 ነው። ማይክል በአንድ እጁ የሚያብረቀርቅ ጓንት አጥልቆ «ቢሊ ጂን» የተሰኘውን ዘፈኑን ሲያቀርብ፣ በአዳራሹ የነበሩት ሰዎች ያዩትን ሌላው ሕዝብ ለማየት ሰባት ሳምንት ያህል መጠበቅ ነበረበት። በእኔ እምነት ከሁለቱ ቀኖች ክብደት ያለው የሜይ 16ቱ ነው፤ የሕዝብ ሙዚቃ ታሪክ የሚሆነው ሕዝብ ሲሰማውና ሲያየው ነውና። ጋሼ ግን ሥራው የተሠራበት ቀን ይበልጣል ባይ ናቸው፤ ክርክራቸውም ውኃ የሚያነሳ ነው።

ቀኑ ቢፈታም «በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ገና አላሳለፈኝም። ሻላማር የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቡድን አባል ጄፍሪ ዳንኤል ይህንኑ አረማመድ በ1982 በብሪታኒያ ቴሌቪዥን አሳይቶታል፤ ከዚያም በፊት የታፕ ዳንሰኛው ቢል ቤይሊ በ1950ዎቹ በተነሳ ፊልም ላይ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ከመድረክ ሲወጣ ይታያል። እንዲህ ያለው ሐረግ ለአድማጭ ጆሮ ስለሚጣፍጥ ብቻ በጽሑፍ ውስጥ መቆየት የለበትም፤ ለማይክል ክብር የሚጨምረው ነገር የለም፣ ከቀደሙት ግን ይቀማል። አዘጋጇ ቁጭ ብላ እንደገና ጻፈችው፦ «በ1983 በዛሬዋ ዕለት፣ በማርች ተቀርጾ የነበረው የሞታውን 25ኛ ዓመት ዝግጅት በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ሚሊዮኖች የማይክል ጃክሰንን ሙንዎክ ያዩትም በዚሁ ምሽት ነው።» በማግስቱ ጠዋት የተነበበው ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ በመዝገባችን ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ «ምን ተደረገ? የት?» የሚል ዓምድ ጨመርን። ዓምዱን ስንሞላ ያልጠበቅናቸው ነገሮች ብቅ አሉ። በአሜሪካ የተካሄደው የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ማስታወቂያ ከኦገስት 15 እስከ 17፣ 1969 ይላል፤ ነገር ግን መርሐ ግብሩ እጅግ በመዘግየቱ ጂሚ ሄንድሪክስ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታሩ የተጫወተው ኦገስት 18 ሰኞ ጠዋት፣ አብዛኛው ሕዝብ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። የአሜሪካ ድምፃውያን በጋራ የዘፈኑት «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተቀረጸው ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ምሽት ተጀምሮ እስከ ማግስቱ ንጋት ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው ማርች 7 ነው።

ብዙ ያከራከረን የቢትልስ ቡድን ዘፋኝ የነበረው የጆን ሌነን ሞት ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ በመኖሪያ ሕንፃው መግቢያ በጥይት የተመታው ዲሴምበር 8 ቀን 1980፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር። በዚያች ቅጽበት በትውልድ ከተማው በሊቨርፑል ቀኑ ዲሴምበር 9 ሆኗል፣ ሰዓቱም ለሌሊቱ 10 ጥቂት ይቀረዋል። አዘጋጇ የሊቨርፑልን ሰዎች ሐዘን በማሰብ ወደ 9 ማዛወር ፈለገች፤ ጋሼ ደግሞ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቦታ ሰዓት ንቅንቅ አንልም አሉ። እኔ በጋሼ ፈረድኩ፤ የአዘጋጇም ሐሳብ ግን አልተጣለም። ግድያው በዲሴምበር 8 ሥር ተመዝግቧል፤ በዲሴምበር 9 ደግሞ እንግሊዛውያን ከእንቅልፋቸው ሲነሱ መርዶውን እንደሰሙ የሚናገር ሌላ ጽሑፍ አዘጋጅታ በመሰናዶው ተነቧል።